ቁልፉን የወሰደችው ሴትዮ

ላንዲ ካኑል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ግጭት ኋላ ስትሮጥ ኖራለች። የኢንሹራንስ መርማሪ ናት። ሜክሲኮ አገር፣ ሜሪዳ ከተማ ውስጥ ሁለት መኪና በተነካካ ቁጥር ከፖሊስ በፊት የሚጠራው የኢንሹራንስ ሰው ነው። ሞተሯን አስነስታ ትደርሳለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ትጽፋለች፣ አስፈርማ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ሲያወሩት ቀላል ነው። በግንቦት ፀሐይ፣ አስፋልቱ የጫማ ሶል በሚያቀልጥበት ሰዓት፣ ሄልሜት ደፍቶ በቀን ስምንት ጊዜ የሰው ጭቅጭቅ መስማት ግን ለጠላት እንኳ አይመኙትም።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ግራ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ገና ከሩቁ ያማታል። ባሏ ካንኩን ከተማ ሆቴል ልሥራ ብሎ ሄዶ የካንኩን ሰው ሆኖ ቀርቷል። "ይቅናው" ትላለች ስሙ ሲነሳ፤ ለመቆጣትም እኮ አቅም ይፈልጋል። ማታ ቤቷ ስትገባ የገመድ መኝታዋ ላይ በጫማዋ ትወድቃለች፤ እንቅልፍ ሲያሸልባት እንኳ አፏ ያንኑ የቀን ትምህርቷን ያነበንባል።

ትምህርቱ አጭር ነው። ለደወለላት ደንበኛ ሁሉ ትለዋለች፦ "ተጎድተዋል? እንኳን ተረፉ፣ ቆርቆሮ ይጠገናል። መኪናውን አያንቀሳቅሱ። በአራቱም በኩል ፎቶ ያንሱት። የሌላኛውን ሰሌዳ ይጻፉ። ማንም ወረቀት ቢሰጥዎ እንዳይፈርሙ። እና እባክዎ፣ በእናትዎ፣ እኔ እስክመጣ 'ጥፋቱ የኔ ነው' የምትለዋን ቃል ከአፍዎ እንዳያወጧት! ዝም አይነቅዝም።"

ማን ይሰማታል? ሜሪዳ እኮ የረገጠው ሳይሆን የተረገጠው ይቅርታ የሚጠይቅበት አገር ነው። ሁለት መኪና ሲጋጭ ሁለቱም ሾፌሮች ባርኔጣቸውን አውልቀው ይወርዱና "ጥፋቱ የኔ ነው"፣ "ኧረ በፍጹም፣ የኔ ነው" ይባባላሉ። ሰላምታ ነው እንጂ ኑዛዜ አይደለም። ግን የወዲያኛው ኢንሹራንስ ሰው ቀድሞ ከደረሰ ያችን ሰላምታ ለቀም አድርጎ ወረቀት ላይ ያሰፍራታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ያን ዕለት ሰኞ ነበር። ሰኞ ጥቁር ቦሎቄ በአሳማ ሥጋ ይበላል፣ ይህን የማያደርግ ቤት የለም። ላንዲም አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የምሳ ዕቃዋን ገና ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ፣ የጥግ ግጭት፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም። እንደ ልማዷ ትምህርቷን በስልክ አነበነበችላቸው። ሽማግሌው "እግዜር ይስጥልኝ እመቤት፣ ተረድቻለሁ" አሏት። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ተነሳች።

ስትደርስ ዊልበርት ቀድሟት ደርሷል። ዊልበርት የሌላ ኢንሹራንስ መርማሪ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ግጭት የሚያሸት አፍንጫ ያለው።

"ዶኛ ላንዲ! ዛሬም ዘገዩ። ጉልበትዎ ነው?"

"ጉልበቴ ነው። አንተስ ሰው እስኪጋጭ ጥግ ለጥግ ነው እንዴ የምታድረው?"

"ተራ በተራ ነው" አለና አንድ ወረቀት እያርገበገበ ሳቀ። "ሽማግሌው አምነዋል፣ ፈርመዋል። ይልቅ ሄደው ቦሎቄዎን ይብሉ፣ ሳይበላሽ።"

ሽማግሌው አውዶማሮ ፔኒቼ ይባላሉ፤ በአገሩ ወግ በአክብሮት 'ዶን' ተብለው ነው የሚጠሩት። አርባ ዓመት ጓያቤራ የሚሉትን የአገሩን ሸሚዝ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የለበሱትም ራሳቸው የሰፉትን ነጭ ነው፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ኢቬት የምትባል የገጨቻቸው ልጅ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እሳቸው አጠገቧ ቆመው ባርኔጣቸውን አናቷ ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘውላታል፣ የራሳቸው መላጣ በፀሐይ እየተጠበሰ። ለዚች ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳይቀር "እርስዎ" ነው የሚሏት።

"እንደምን ዋሉ እመቤት" አሉ ላንዲን ሲያዩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በዚህ ሙቀት አለፋሁዎት።"

"ዶን አውዶማሮ፣ በስልክ ምን ብዬዎት ነበር?"

"ዝም ይበሉ ብለውኝ ነበር።"

"ታዲያስ?"

"ልጅ እያለቀሰች እንዴት ዝም ይባላል?"

ላንዲ ወደ መኪኖቹ ሄደች። እሷ ሰውን አትጠይቅም፣ ቆርቆሮን ነው የምትጠይቀው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ቆርቆሮ ያላለውን አንዲት ቃል ጽፋ አታውቅም፤ ሌላ የምትኮራበት ነገር የላትም። የሽማግሌው አሮጌ ነጭ ኒሳን የቀኝ የኋላ በሩ ገብቷል። የልጅቷ ግራጫ መኪና አፍንጫው ተጨፍልቆ እዚያው በሩ ላይ ተለጥፏል። ማለት ሽማግሌው መገናኛውን አልፈው ሊጨርሱ ነበር፣ ልጅቷ ናት መጥታ የገባችባቸው። ደግሞስ "ቁም" የሚለው ምልክት ያለው በማን መንገድ ላይ ነው? በልጅቷ። አንድ ፍላምቦያን ዛፍ ቀይ አበባውን አንዠርግጎ ግማሹን ሸፍኖታል እንጂ ምልክቱስ አለ። ቅድሚያው የሽማግሌው ነበር።

ከልጅቷ አጠገብ ጉልበቷን እያቃሰተች ተቀመጠች። "ልጄ፣ ያንን ምልክት አይተሽዋል?"

"ኢቬት፣ መመለስ የለብሽም!" አለ ዊልበርት ከወዲያ።

"አንተ የልጅቷ አፍ ነህ እንዴ? ዝም በል እስቲ!"

ኢቬት አፍንጫዋን ጠረገች። "አላየሁትም። ማለት... በየቀኑ በዚህ ነው የማልፈው፣ መኖሩን አውቃለሁ። መኪናው የአክስቴ ነው። ወርጄ ሳልናገር እሳቸው ቀድመው 'ጥፋቱ የኔ ነው' አሉኝ። እኔ ምን ልበል?"

"ምንም አትበይ። አክስትሽን ኢንሹራንሱ ይከፍልላታል። ማንም አይሞትም።"

ላንዲ አዲስ ወረቀት አውጥታ ወደ ሽማግሌው ሄደች። "ዶን አውዶማሮ፣ 'የመጀመሪያ ቃሌን አንስቻለሁ' ይላል። እዚህ ጋ ይፈርሙና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።"

"አልፈርምም፣ እመቤት።"

"ለምን?"

"ቃሌን በሰው ፊት ሰጥቻለሁ።"

"ኧረ በሞትኩት! ቃል አይደለም እኮ፣ ይሉኝታ ነው!"

ሽማግሌው ፈገግ አሉና በጨዋ ድምፅ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ የሚተርኩ ይመስል፣ ነገሩን አስረዷት። ሊሂያ የምትባል ልጅ አለቻቸው፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ። ተደውሎላት እየመጣች ነው። ባለፈው ጥቅምት የጎረቤት አጥር ገጭተው ነበርና ያን ጊዜ እንቅጩን ነግራቸዋለች፦ "አባዬ፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ጥፋተኛ ከተባልክ ቁልፉን እወስዳለሁ።"

"ከወሰደችስ?" አለች ላንዲ።

"ከወሰደችማ ኤርሲሊያን ማን ያበላታል?"

ኤርሲሊያ ሚስታቸው ናት። ሰው ከረሳች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ከከተማው ሰሜን ዳርቻ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው ያለችው። ከእሳቸው እጅ ካልሆነ አፏን አትከፍትም። በየቀኑ ልክ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሾርባ በፔርሙስ ይዘው ይሄዳሉ፣ በማንኪያ እያበሉ ያወሯታል። ፔርሙሱ ያው ከፊት ወንበር ላይ አለ፣ በቀበቶ ታስሮ። አውቶቡስ እንዳይባል ሁለት ቀይሮ፣ ከዚያ በዚህ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓመት! ሊሂያም ከሥራ የምትወጣው እየመሸ ነው።

ይሄኔ ላንዲ ደሟ ፈላ። "እንዲህ ሆኖ ነው አልፈርምም የሚሉት? ለማያውቋት ልጅ ይሉኝታ ብለው ሚስትዎን ጦሟን ሊያሳድሩ ነው? አንዲት ፊርማ እኮ ናት! ከፈረሙ ቁልፉ የእርስዎ ነው፣ እሷም ትበላለች!"

ዶን አውዶማሮ ባርኔጣውን ለልጅቷ ሰጧትና ላንዲን በክንዷ ይዘው ዛፉ ጥላ ሥር ወሰዷት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እመቤት፣ መጦሪያው በየት በኩል ነው አልኩዎት?"

"በሰሜን።"

"የኔ መኪና ፊቱን ወዴት ነው ያዞረው?"

ላንዲ ዞር ብላ አየች። ሃያ ሁለት ዓመት ቆርቆሮ ስታነብ የኖረች ሴት ይህን አላየችውም ነበር። "ወደ ደቡብ" አለች።

"ከዚህ ወደ ደቡብ ከፍ ብሎ የስፌት ሱቄ ነበር። ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመቱ። ዛሬ ከቤት የወጣሁት ወደ ኤርሲሊያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ልጅቷ ስትገጨኝ ነው መሪ መያዜን ያወቅሁት። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ስነቃ ፊት ለፊቴ ባሕር ነው። ፕሮግሬሶ ወደብ ድረስ ነድቻለሁ፣ ሾርባው ቀዝቅዞ። መንገድ ላይ ማንን እንዳለፍኩ፣ ልጅ ይኑር፣ ብስክሌት ይኑር፣ እግዜር ይወቅ። 'ጥፋቱ የኔ ነው' ያልኩት ለይሉኝታ አይደለም። አላውቅማ!"

ላንዲ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "ታዲያ ቁልፉን ለምን ራስዎ ለሊሂያ አይሰጧትም?" አለች።

"በእጄ?" አሉ ሽማግሌው። ያ ሁሉ ጨዋነት ድንገት ከፊታቸው ላይ ረገፈ። "ከኤርሲሊያ ጋር ሃምሳ ሦስት ዓመት ኖሬ፣ በገዛ እጄ ቁልፉን አስረክቤ፣ 'ከነገ ጀምሮ አልመጣም' ልበላት? አልችልም። ስንት ጊዜ ከኪሴ አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ከወሰዱብኝ ግን ሌላ ነው። ወሰዱብኝ እላታለሁ። ምንም ባይገባትም እላታለሁ። እባክዎ እመቤት፣ ጥፋተኛ ነው ብለው ይጻፉልኝ። አንዲት ቃል ናት፣ ምን ይጎድልብዎታል?"

እንግዲህ ይታያችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ 'ንጹህ ነው ብለሽ ጻፊልኝ' እያለ ሲለምናት ኖሯል፤ ያለቀሰ አለ፣ የእናቱን ፎቶ ያሳየ አለ፣ ዶሮ ይዞ ቤቷ ድረስ የመጣ አለ። ጥፋተኛ ብለሽ ጻፊኝ ያላት ግን እኚህ ናቸው። ያውም ፊታቸው በላብ ርሶ። ወይ ጣጣ! ያን ቀን ቤቷ በቀረች፣ ጉልበቴን ብላ በተኛች።

ብትጽፍላቸው ምን ነበረበት? ብዙ ነበረበት። ያቺ ልጅ ነገም በዚያው ምልክት ሥር ትበራለች፤ ጥፋቱ የሽማግሌው ነው ተብላለችና። ቆርቆሮው ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ባትጽፍላቸውስ? ንጹህ ይባላሉ፣ ቁልፉ እጃቸው ይገባል፣ ነገ ደግሞ ማንን እንደሚያልፉ ሳያውቁ ይነዳሉ።

"አልችልም፣ ዶን አውዶማሮ" አለች በመጨረሻ። "ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም።"

ሽማግሌው አልተቆጡም። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ፣ በቃ።

ላንዲ ወደ ዊልበርት ሄዳ የምልክቱንና የበሩን ፎቶ አሳየችው፣ ልጅቷ ያለችውንም ነገረችው። "ያቺን ፊርማ ይዘህ ትከራከረኛለህ?" ዊልበርት ፎቶውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደ። "የእርስዎ ይሁን። ከእርስዎ ጋር ስከራከር ከማረጅ" አለ።

ሊሂያ ነጭ የሥራ ካፖርቷን ሳታወልቅ ደረሰች። መኪናዋን መንገድ መሃል ትታ እየሮጠች መጥታ አባቷን ያዘቻቸው፣ ዳበሰቻቸው። "አባዬ! ደህና ነህ? የት ጋ ነካህ?" ከዚያ ወደ ላንዲ ዞረች። "የማን ጥፋት ነው? እውነቱን ንገሪኝ።"

"የልጅቷ" አለች ላንዲ። "አባትሽ ንጹህ ናቸው።"

የሊሂያ ፊት ተለዋወጠ። እዚያው እንደቆመች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ይቅር በለኝ አባዬ። መንገዱን ሁሉ ስሰድብህ ነው የመጣሁት። እኔ ደግሞ በቃ አለቀ፣ ዛሬ ልቀማው ነው እያልኩ..." ኒሳኑ ላይ እንደተሰካ የቀረውን ቁልፍ ነቅላ መጣችና በመዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው፣ ጣታቸውንም ሳመች። "በሩ ይዘጋል፣ መኪናው ይሄዳል። በል ሂድ፣ እማዬ እንዳትጠብቅህ።"

ዶን አውዶማሮ መዳፋቸው ላይ ያለውን ቁልፍ አዩት። ቀጥለው ላንዲን አዩዋት።

ላንዲ በኋላ ስታስበው እንዴት እንዳደረገችው አታውቅም። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቁልፉን ከመዳፋቸው ላይ ነጠቀችው።

"አይነዱም!"

"ምን?" አለች ሊሂያ።

"ወረቀቱ ንጹህ ይላል። እኔ ግን አይነዱም እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሾፌር አይቻለሁ። እኚህ ሰው ከዛሬ በኋላ መሪ ከያዙ መንጃ ፈቃዳቸውን አስነጥቃለሁ!"

እንዲህ ያለ ሥልጣን የላትም። ዊልበርት ያውቃል፣ ሊናገርም አፉን ከፍቶ ነበር። ምን እንደታየው እንጃ፣ መልሶ ገጠመው። ያችን ታህል ውለታ ውሎላታል።

"አንቺ ማነሽ?" ሊሂያ ጮኸች። "ንጹህ ነው እያልሽ ቁልፍ የምትቀሚው ምን አግብቶሽ ነው?"

ያን ጊዜ ዶን አውዶማሮ ትከሻቸውን ቀጥ አደረጉ። በዚያ ጥግ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ የሰማውን ድምፅ ልጃቸው እንኳ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም።

"አንቺ ሴትዮ! ቁልፌን መልሺ! ሚስቴ እየጠበቀችኝ ነው! ሰዎች፣ ተመልከቱልኝ፣ በጉልበት ወሰደችብኝ! እኔ አልሰጠሁም! አልሰጠሁም እኔ!"

ሰው ከየደጁ ወጣ። ቶርቲያ ቂጣ የምትሸጥ ሴት "ምን ያለችው አረመኔ ናት፣ አባት የላትም?" ብላ እስኪሰማት ተናገረች። ሽማግሌው ላንዲ ላይ ተንደረደሩና ቁልፉን የያዘ ጭብጧን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሲታገሏት ለሚያይ ሊያስለቅቋት ነበር። እሷ ግን የጣቶቻቸውን ኃይል ታውቀዋለች፤ እያስከፈቷት አልነበረም። ጭብጧን ይበልጥ እንድትዘጋው አጥብቀው ይጫኑት ነበር።

ቁልፉን ለሊሂያ ሰጠቻት። "ለሳቸው እንዳትሰጪ" አለቻት። ሊሂያ አባቷን አየቻቸው። መኪናው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ያየችው ያን ጊዜ ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ ብቻ ስድቧ መሃል ላይ ቆመ። ኒሳኑን ጥግ አስያዘችው፣ ፔርሙሱን ፈታች፣ "ና አባዬ፣ ዛሬ እኔ አደርስሃለሁ" አለች። እሳቸውም ለልጅቷ እጅ ነሥተው፣ ለዊልበርት እጅ ነሥተው፣ ላንዲን ሳያዩ ገቡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የላንዲ አለቃ ቢሮው ጠራት። ጠረጴዛው ላይ ባለ ሦስት ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነበር፣ መስመሩ እንደ ስፌት ቀጥ ያለ።

"አንብቢው" አላት።

*እኔ አውዶማሮ ፔኒቼ የመኪናዬን ቁልፍ በፈቃዴ እንዳልሰጠሁ እንዲታወቅልኝ እወዳለሁ። ላንዲ ካኑል የተባለች ሠራተኛችሁ ንጹህ መሆኔን በቃሏ ካረጋገጠች በኋላ በሰው ፊት በጉልበት ወስዳብኛለች። በዚህ ምክንያት ባለቤቴን የማያት ልጄ በምታደርሰኝ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ነው። በቀሩት ቀናት ነርሶቹ ይሞክሯታል፤ ግማሹን ትበላለች ይሉኛል። ለባለቤቴ የማነብላት ስለሆነ መልሳችሁ በማኅተም ተረጋግጦ እንዲላክልኝ በትሕትና እለምናለሁ።*

አለቃዋ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። "ላንዲ፣ ፋይልሽ ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ነጥብ የለበትም። የሰው ቁልፍ የመቀማት ሥልጣን እንደሌለን ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ናቸው፣ ተምታቶባቸው ይሆናል። 'አልወሰድኩም' በይኝና ልዝጋው።"

ላንዲ ደብዳቤውን ደግማ አነበበችው። ግማሹን ትበላለች የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ አጣጥፋ መለሰችለት።

"ወስጃለሁ" አለች።

"በጉልበት?"

"በጉልበት። እሳቸው አልሰጡኝም። ለመኑኝ፣ ጮኹ፣ ታገሉኝ፣ እኔ ነኝ የነጠቅኳቸው። እንደዚያ ብለህ ጻፍላቸው። ማኅተሙንም ጎላ አድርገህ ምታበት።"